ከአንድ ቤት አንድ ሰው

«ስሟን አስወጥቼ የሱን አስገባሁ። እንዳትነግራት። ነገ እስኪሳፈር ድረስ ታስተምረው።»

እናቷ ደብሪቱ ይህን ለአባቷ ስትነግረው እቴነሽ ነቅታ ነበር። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት የጆንያ ከለላ ስለሆነ ከወዲያ የሚነገረው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። እናቷ ይህ ጠፍቷት ሳይሆን ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው ብላ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ከቆርቆሮው ጠርዝ አልፎ አልፎ ጠብታ በርሜሉ ውስጥ ይወድቃል። ወንድሟ ካሳሁን ከአልጋዋ ግርጌ በተነጠፈው ሰሌን ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮው ሥር የምትጮኸውን የወባ ትንኝ በእንቅልፍ ልቡ በእጁ እያባረረ ያንኮራፋል። እቴነሽ ትንፋሿን ይዛ የአባቷን መልስ ጠበቀች። አባቷ ወርቁ የመንግሥት እርሻ ዘበኛ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው» ሲል የሰነበተው እሱ ነበር። አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ሳል አለ። የቦቲ ጫማውን እየታገለ ሲያጠልቅ ተሰማት። ከዚያ «ሻዩ ደርሷል?» አለ።

ነገሩ የመምህራን ማሠልጠኛ የመግቢያ ፈተና ነው። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ይሰጣል፣ ለዚያ ደግሞ ዓርብ ማለዳ መሳፈር ያስፈልጋል። እቴነሽና ካሳሁን ማትሪክ የወሰዱት አብረው ነው። እሱ በዕድሜ ሁለት ዓመት ቢበልጣትም ወባ እያመላለሰው ክፍል ስለደገመ ደርሳበታለች። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሁለቱም አላመጡም፣ እሷ ለጥቂት፣ እሱ በብዙ። ለማሠልጠኛው ዋናው እንግሊዝኛ ነው፤ ግራመርና አንብቦ መረዳት። በዚህ ደግሞ እቴነሽን የሚደርስባት በሸዋ ሮቢት አልነበረም። ቀበሌው ግን የድጋፍ ወረቀት የሚሰጠው ከአንድ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ሰኞ ዕለት ሲጠየቁ ደብሪቱ ራሷ «እቴነሽ ትሂድ» አለች። ትናንት ቀትር ላይ ግን አብዮት ጠባቂዎች የጎረቤታቸውን የእትዬ ሐረገወይንን ልጅ ከምሳ ገበታ ላይ አንሥተው ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት አጥር ላይ ቆማ አየች። ልጁ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ነው የወጣው። ለፈተና የተመዘገበ አይነካም ይባላል። ትልቁ ልጇ ሽፈራው በቀደመው ዙር ወደ ሰሜን ከሄደ ይህ የሰማንያው ክረምት ሁለተኛው ነው፣ ወሬው ከጠፋም ቆይቷል። ደብሪቱ ስሙን መጥራት ትታለች። የግድ ሲሆንባት «ያ ልጅ» ትላለች፣ የሰው ልጅ እንደምትጠራ ሁሉ።

እቴነሽ ስትነሳ እናቷ የከሰል ካውያውን አግላ የካሳሁንን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። የእቴነሽ ቀሚስ ከትናንት ጀምሮ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ዝናብ ደብድቦት ጫፉ ጭቃ ነክቷል። ማንም አላነሣውም። የስንቁ ቆሎ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ታስሮ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ለሁለት ሰው የሚሆን አይደለም። እቴነሽ ሁሉንም አየችና ፊቷን ታጠበች። ደብሪቱ ሻይ ቀዳችላት፤ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚመጣውን ስኳር በወትሮው ማንኪያውን ደልድላ የምትለካው ሴትዮ ዛሬ ከመር አድርጋ ጨመረችላት። ስለ ዝናቡ አወሩ። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ የሚመጡት ሽንኩርት ሻጮች አልተሻገሩም ተባለ። ፓፓያ በስሙኒ መሸጡ እንደቀረ፣ አሁን ተጓዡ በአሥር ሳንቲምም እንደሚከራከር ደብሪቱ ተናገረች። ከዚያም ካውያውን እያየች፣ «ዛሬ ውሃም ገበያም አትሂጂ። ከወንድምሽ ጋር ቁጭ በሉ» አለች። እቴነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ከመቅዳት የቀረችው ታማ የተኛች ጊዜ ብቻ ነው። «እሺ» አለች። አሁን ትነግረኛለች ብላ ትንሽ ቆየች። ደብሪቱ ሸሚዙን ገልብጣ አንገትጌውን መተኮስ ጀመረች።

ከጓሮው ማንጎ ሥር ሰሌን አነጠፉ። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ እርጥቡ መሬት መተንፈስ ጀምሮ ወበቁ አንገት ላይ ይለጠፋል። ከፊታቸው መምህራቸው የሰጧቸው፣ በስቴንስል የተባዙ፣ ቀለማቸው የፈዘዘ የድሮ ፈተናዎች ተቀምጠዋል። ካሳሁን እጁ ነው ብልህ። ከሰዓት በኋላ ብስክሌት ጠጋኙ ሁሴን ዘንድ ይሠራል፤ የተጣመመ ቸርኬ በዓይኑ አይቶ ያቃናል፣ የሞተ ራዲዮ ፈታትቶ ያናግራል። ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን ያ ትልቅ ሰውነቱ ይጠብበታል፤ እግሩን የሚያደርግበት ያጣል፣ እርሳሱን እንደ መፍቻ ጨብጦ ይይዛል። የዛሬው ትምህርት ፓሲቭ ቮይስ ነበር። እቴነሽ «ዘ ብሪጅ ዎዝ ቢልት» የሚለውን አነበበችለትና ድልድዩ ተሠራ ማለት ነው አለችው።

«ማን እንደሠራው ግን አይናገርም» አለ ካሳሁን።

«አድራጊው ካልታወቀ ይተዋል። ወይም እንዲነገር ካልተፈለገ።»

«እንዴት እንዲነገር አይፈለግም?»

ልትለው አላሰበችም ነበር። «ለምሳሌ» አለች፣ «ስሟ ተሰረዘ።»

እርሳሱ ቆመ። ካሳሁን ቀና ሳይል ወረቀቱን እያየ ቆየ፤ ጆሮው ከሥሩ ቀላ። ያን ጊዜ እሱም እንደሚያውቅ አወቀች። ምናልባት ከትናንት ማታ ጀምሮ። እሱ አንድ ቃል ቢናገር እሷ የምትመልሰውን አታውቅም፣ ልትጮህ ትችላለች፣ ልታለቅስም ትችላለች። ስለዚህ ፈጠን ብላ «ቀጥል፣ ሁለተኛውን» አለችው። ካሳሁንም ሁለተኛውን ሠራ። ተሳስቷል። አረመችለት።

ከግራመሩ በኋላ ፓሴጁን ወሰዱ። ታሪኩ በበረዶ ውስጥ በእግሩ እየዞረ ደብዳቤ ስለሚያድል አንድ የፈረንጅ አገር ፖስተኛ ነው። በአንዲት አሮጊት ቤት አለፈ፣ ሻይ አጠጣችው፣ ወጣ፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመለሰ። ካሳሁን በረዶ ሲባል የሚያውቀው ማሽላውን የሚያረግፈውን፣ ቆርቆሮ የሚበሳውን ነው፤ ሰውዬው በዚያ ውስጥ ራሱን ሳይሸፍን እንዴት እንደሚሄድ ሊገባው አልቻለም። እቴነሽ እንደ ጥጥ ነው የሚወርደው ብላ አስረዳችው። እሷም አይታው አታውቅም። ላቡ ከግንባሩ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጥያቄው ፖስተኛው ለምን ተመለሰ የሚል ነበር። ከአራቱ መልሶች አንዱ ቦርሳውን ስለረሳ ይላል፣ ሌላው አሮጊቷ ብቻዋን ስለሆነች። ካሳሁን ሁለተኛውን አከበበ።

«የት ላይ አገኘኸው ይህን?» አለችው።

«ብቻዋን ናት ይላል እኮ። ልጆቿ ርቀው ሄደዋል ይላል። ሰው ከሆነ እንዴት አይመለስ?»

«ካሳሁን፣ ፈተናው የሚጠይቅህ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብሎ አይደለም። እዚህ፣ አራተኛው መስመር ላይ፣ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ተወው ይላል። የተጻፈውን ነው የምትመልሰው።»

«ቦርሳውንም ቢሆን…» ብሎ ጀመረና ተወው። ከአሥሩ ጥያቄ አራቱን አግኝቷል። ሁለቱን የገመታቸው እንደነበሩ እቴነሽ ከፊቱ አወቀች። እስካሁን ያበሳጫት የነበረው ቦታዋን መነጠቋ ነው፤ አሁን የመጣባት ሌላ ነገር ነበር። ይህ ልጅ አያልፍም። በአንድ ቀን ቀርቶ በአንድ ዓመት አያልፍም። ቦታዋ ተወስዶ የሚሰጠው ለማንም አይደለም፣ መንገድ ላይ የሚፈስ ነው። ይህንንም ከዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጇ እንግሊዝኛ ሲያነብ ድምፁን ሰምታ በደጅ ስታልፍ ፊቷ ይፈታል።

ካሳሁን ምሳ ሊያሞቅ ወደ ቤት እንደገባ ጓደኛዋ ናፊሳ በጓሮው በር መጣች። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ለፈተናው ከተመዘገቡት አንዷ እሷ ናት፣ ከእቴነሽ ጋር አንድ ወንበር ላይ ሊሳፈሩ፣ ደብረ ብርሃንም በናፊሳ አክስት ቤት ሊያድሩ ተነጋግረዋል። መሀረቧን ከአንገቷ ላይ እያላላች፣ ተቀመጪ ሳትባል እግሯን ሰብስባ ቁጭ አለች።

«ዝርዝሩን ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት። ካሳሁን ወርቁ ይላል። ያንቺ ስም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እስከ አሥር ሰዓት ስሞቹ ቀበሌው ጋ ናቸው። ሊቀመንበሩ ማትሪክሽን ያውቃል። ሂጂና ንገሪው፣ አፍ የለሽም?» ናፊሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ብቻዬን እዚያ ቤት ምን ልሠራ ነው?»

ካሳሁን ሲወጣ እቴነሽ የሚሠራው ጥያቄ ሰጠችውና ናፊሳን ሸኝታ እመጣለሁ ብላ ወጣች። ናፊሳ እስከ አስፋልቱ አብራት መጣችና ጨርቅ መደብሩ ጋ ስትደርስ «ኢንሻአላህ» ብላ ገባች። ከደሴ የመጡት አውቶቡሶች ምግብ ቤቶቹ ፊት ተደርድረው ተጓዦች በየጥላው ይበላሉ። ከሁለተኛው አውቶቡስ መስኮት ሥር እናቷ የፓፓያ ሳህኗን በራሷ ከፍታ አድርጋ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ ከአንድ ወታደር ጋር ትከራከራለች። እቴነሽ በቆመ የጭነት መኪና ተከልላ አለፈች። ከሌባ የማይሻል ነገር እየሠራች ያለች መሰላት፤ የምትሄደው ግን የራሷን ልትጠይቅ ነበር።

የቀበሌው ግቢ ሁለት ቤት አለው፣ ቢሮውና አዳራሹ። አዳራሹ ውጭ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ማዶ ሴቶች ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በካኪው ጀርባ ላይ ላቡ ካርታ ሠርቶ፣ ግማሽ ወባ ግማሽ እንቅልፍ በሆነ ዓይን አያት። ክፉ ሰው አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣ ትንሽ ሳለች የተቃጠለ ዳቦ በነጻ ይሰጣቸው እንደነበር ታስታውሳለች።

«የጋሼ ወርቁ ልጅ» አለ፣ ገና አፏን ሳትከፍት። «ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ። ያንቺ ውጤት እንደሚሻልም አውቃለሁ። እናትሽ ትናንት መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ምን ላድርግ?»

«ሁለታችንም ብንሄድስ፣ ጓድ ሊቀመንበር? ወጪያችንን እኛው…»

«ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው። ይህን ከላይ የመጣ ነው ብለሽ ያዢው።»

ለጦርነቱስ፣ ልትል ነበር። ለጦርነቱስ ከአንድ ቤት አንድ ሰው አይደለም ወይ፣ ሽፈራው ሄዶ የለም ወይ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ጠባቂዎቹ ከበሩ ውጭ ይሰማሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ቤቱ የተመለሰ ሰው አታውቅም። ዋጠችው።

ታደሰ እስክሪብቶውን አነሣ። «ከፈለግሽ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ። አንዱን ሰርዞ አንዱን መጻፍ ነው፣ ሌላ የለውም። አንቺ ከገባሽ ግን እሱን ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን ነው የሚያመጡት» አለና በአገጩ ወደ አዳራሹ አመለከታት።

«ፈተናውን ቢወድቅስ?»

ሊቀመንበሩ ፊቱን በፎጣው ጠረገ። የማይመቸው ጥያቄ እንደሆነ ያስታውቃል። «የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለ።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆሞ ጠበቃት። እቴነሽ በመስኮቱ ወደ አዳራሹ አየች። በሩ ለአየር ተከፍቷል፤ ወጣቶቹ ሲሚንቶው ላይ ተደርድረው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ባዶ እግሩን ነው፣ ጫማ ለማጥለቅ ጊዜ አልተሰጠውም። የእትዬ ሐረገወይን ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉ ተከፍቷል። አጠገቡ ያለው አሊዪ ነበር፣ ከኋላዋ ወንበር ይቀመጥ የነበረው፤ ከትናንት በስቲያ አስፋልት ላይ ሰላም ብሏት ነበር። አያትና እንደ ድሮው ሳቅ አለ። ድምፁን ሳያጎላ፣ «እቴነሽ፣ ነገ ለፈተና ትሄጃለሽ አይደል? ቀንቶሻል» አላት። «አዎ» አለችው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ «ይቅር» አለች። ታደሰ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ እንደ ቀለለው ሁሉ ተነፈሰ፣ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ አላት።

ስትመለስ መደበቋን ትታ በአስፋልቱ መሃል ሄደች። አውቶቡሶቹ ሄደዋል። ደብሪቱ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ቀና ስትል ልጇን ከቀበሌው በኩል ስትመጣ አየቻት። እዚያ በኩል ቀበሌው እንጂ ሌላ የሚኬድበት ነገር የለም። ተያዩ። የደብሪቱ እጅ ሳህኑ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። እቴነሽ ራሷን በትንሹ፣ ማንም የማያየው አድርጋ ነቀነቀች። ምንም አላደረግሁም ማለቷ ነው። ደብሪቱ ገባት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ልትል ነበር፣ እቴነሽም ቆመችላት። ደብሪቱ ግን ከሳህኑ አንድ ቁራጭ ፓፓያ አንሥታ ዘረጋችላት።

«ፀሐዩ በርትቷል» አለች። «ጥላ ጥላውን ሂጂ።»

ካሳሁን ከማንጎው ሥር እንዳለ ነው። የተሰጠውን ጥያቄ በሙሉ ሠርቷል፣ አንዱንም አልዘለለም፤ አብዛኛው ስሕተት ነበር። እንደመጣች ቀና ብሎ አየት አድርጎ፣ «ቀበሌ ሄደሽ ነው» አለ። ቁራጩን ፓፓያ ሰጠችው፣ እሱም ለሁለት ገምሶ ግማሹን መለሰላት። በሉ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ለምን አልቀየርሽውም?» አላት። «እኔ አላልፍም፣ እቴ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁሴንም ያውቀዋል። እዚያ ሄጄ ተዋርጄ ስመለስ ያው መያዜ አይቀርም። እኔ አሁን ልሂድና ራሴ ልንገራቸው። አንቺ ሂጂ።» ተነሥቶ ቆመ። ቀልዱን አልነበረም፣ ነጠላ ጫማውን በእግሩ መፈለግ ጀምሯል።

እቴነሽ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችው። ጠላችው፣ በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ ከማንም በላይ። ያን ያህል ደግ ባይሆን ይሻላት ነበር። እናቷ ሳትጠይቃት ወሰደችባት፣ እሱ ደግሞ ይኸው ሊመልስላት ይነሣል፣ ሕይወቱን በእጇ ላይ አስቀምጦ። ከእነሱ መሃል አንድ ሰው ቢጠይቃት እሺ ትል ነበር። ቁጭ ብለው፣ እቴነሽ፣ እንዲህ ብናደርግ ምን ይመስልሻል ቢሏት፣ ታለቅስና እሺ ትል ነበር። ያልጠየቋትም እሺ እንደምትል ስለሚያውቁ ነው።

«ቁጭ በል» አለችው።

«እቴ…»

«ቁጭ በል አልኩህ! የሚቀጥለውን ፓሴጅ አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ።»

ተቀመጠ። ማንበብ ጀመረ። እሷ ቃላቱን ታርማለች፣ እሱ ይደግማል፣ ከአጥሩ ውጭ ፍየሎች አስፋልቱን ተሻግረው ወደየቤታቸው ይገባሉ። አንድ ጊዜ ሦስት ጥያቄ በተከታታይ አገኘና ተስፋ ቢጤ ሽው አለባት። በሚቀጥለው ፓሴጅ ምንም አላገኘም።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ሁሉም ቤት ገቡ። ደብሪቱ ለነገው መንገደኛ ብላ እንቁላል ወጥ ሠርታለች፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ አራቱም ተቀመጡ። ወርቁ ስለ እርሻው አወራ። የትምባሆው ማድረቂያ ጣራ ያፈሳል፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዘበኞቹን በስማቸው አይጠራም። ካሳሁን ይበላል ግን ቶሎ ቶሎ አይውጥም። ደብሪቱ የተተኮሰውን ሸሚዝ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፣ ከበሩ በሚገባው ነፋስ እጅጌው ይወዛወዛል። አንዱን እንቁላል ለካሳሁን አደረገች፣ ሌላውን ለእቴነሽ አደረገች። ለራሷ አልቀረም። ከዚያ እንጀራውን እየጠቀለለች፣ ማንንም ሳታይ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ጠየቀች።

«ያልፋል?»

ጥያቄው ለማን እንደሆነ አራቱም ያውቃሉ። የወርቁ እጅ ገበታው ላይ ቆመ። ካሳሁን አንገቱን ደፋ። እቴነሽ እናቷን አየቻት፤ ፀሐይ ያጠቆራትን አንገቷን፣ ቀኑን ሙሉ ሳህን ከፍ አድርጎ ይዞ የዋለውን፣ አሁን በእንጀራው የተጠመደውን እጇን። እውነቱን ብትነግራት ይህች ሴት ዛሬ ምን ታደርጋለች? ስሞቹ ሄደዋል። የሚቀየር ነገር የለም። ማወቁ የሚጠቅመው ለእቴነሽ ብቻ ነው፤ ለአንድ ማታ ያህል እንኳ እናቷ ያደረገችውን በሙሉ ክብደቱ እንድትሸከም ነው። ፍላጎቱ አልነበራትም ማለት አይቻልም።

«ያልፋል» አለች።

ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ የዋለች ይመስል ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ፣ ለራሷም አንድ ጉርሻ ቆርሳ በላች። ወርቁ ልጁን ለረጅም ጊዜ አያት። እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ልጁን ግን ያውቃታል።

በማግሥቱ ማለዳ ካሳሁን በነጭ ሸሚዙ፣ ከረጢቱን በጉያው ይዞ ተሳፈረ። እቴነሽ ለምን እንዳልሄደች በቤቱ ውስጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልተነገረም፣ ከጥንቱም እንዲሁ የነበረ ሆኖ አለፈ። ናፊሳ ከአውቶቡሱ መስኮት እጇን አውጥታ የእቴነሽን እጅ ያዘች፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ለቀቀችው።

ውጤቱ የተለጠፈው ከመስቀል በኋላ ነው። ናፊሳ አለፈች። ካሳሁን አላለፈም። ደብሪቱ ወሬውን ስትሰማ እቴነሽን «ያልፋል ብለሽኝ ነበር» አላለቻትም፤ ቢሆንላት ትል ነበር። ካሳሁን ቀን ቀን ከአባቱ ጋር እርሻው ውስጥ ተደብቆ እየዋለ ጥቂት ሳምንት ከረመ። በኅዳር መጀመሪያ በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ አልታይም ብሎ ሁሴን ዘንድ ሄደ። ብስክሌት ገልብጦ ጎማ ሲያወጣ እዚያው ያዙት።

እናትና ልጅ ሰምተው ሲደርሱ የምልምሎቹ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ከኋላው ላይ ከጎን እስከ ጎን የታጨቁት ወጣቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ ሁሉም የሚፈልጉት ሰው አለ። ካሳሁን ከመሃላቸው ረጅሙ ስለሆነ ቶሎ ታየ። እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ ነው። ደብሪቱ የልጇን ስም እየጠራች መሮጥ ስትጀምር ካሳሁን በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ፣ «እቴ! እማዬን ያዣት! ጎማው ሥር እንዳትገባ!» ብሎ ጮኸ። እቴነሽ እናቷን ከወገቧ ያዘቻት። ሴትዮዋ ቀላል ነበረች፣ ይህን ያህል ቀላል መሆኗን አታውቅም ነበር። መኪናው አቧራውን ለቆባቸው በደሴ መንገድ ወደ ካራቆሬ በኩል ሄደ።

ወደ ቤት የተመለሱት በገበያው መሃል ነው። ከማጀቴ የመጡ እህል ነጋዴዎች ይጮኻሉ፣ ሽንኩርቱ በየጆንያው ተቆልሏል፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ሲያዩዋቸው መንገድ ይለቃሉ። ደብሪቱ ነጠላዋ ወድቆ በአንድ ጫፉ ይጎተታል። እቴነሽ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። አስፋልቱን ሲሻገሩ ደብሪቱ እንደ ሕመምተኛ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ነካችው።

«አንቺን ልኬሽ ቢሆን ኖሮ…» አለች።

አቆመች። እቴነሽ ቀሪውን ጠበቀች። ቀሪው ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ ምናልባት እናቷም አታውቅም። እሷን ብትልካት ኖሮ ያን ዕለት ልጁን ከማንጎው ሥር ይወስዱት ነበር፣ ሳትልካትም ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል እናቷ ስትፈልገው፣ ከንፈሯ ሲከፈትና ሲዘጋ አየች። ክንዷን ይዛ ሄደች። ቤት ደረሱ። ደብሪቱ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ገባች፣ ከዚያም በኋላ አልጨረሰችውም።